ከቦሌ ማዶ ያለው ተራራ

አዲስ አበባ ዙሪያዋን በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ። በስተደቡብ ርቆ የሚታየውን ዝቋላን ደግሞ በገዳሙ የማያውቀው የለም። በስተምሥራቅ ያለው ግን ዕድለኛ አይደለም። «የረር ጎሮ! የረር ጎሮ!» የሚለውን የታክሲ ጥሪ በየቀኑ የሚሰማ ሰው እንኳ የረር ተራራው የቱ እንደሆነ ሲጠየቅ ያመነታል። ከፍታው ግን 3100 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዝቋላ በ100 ሜትር ያህል ይበልጣል።

ተራራን በመልኩ ብቻ ለመለየት መሞከር ያሳስታል። ከአዲስ አበባ ሲያዩት ሰፊ ሆኖ የሚታየው ጋራ ከቢሾፍቱ ሲያዩት ሌላ መልክ ይዞ ይጠብቃል። የሚታመነው አቅጣጫው ነው። ኮምፓስ ይዘው ቦሌ አካባቢ ቢቆሙ የረር ከሰሜን በቀኝ በኩል ሲቆጠር ወደ 120 ዲግሪ ላይ ይውላል፤ ወደ ለቡ ቢሄዱ ግን ወደ ቀጥታ ምሥራቅ ይጠጋል። ከሁለቱ ቦታዎች በካርታ ላይ መስመር ቢያሰምሩ መስመሮቹ የሚገናኙት ተራራው ላይ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ የስልክ ኮምፓስ መኪናና የፌሮ ብረት አጠገብ ይስታል፤ ራቅ ብሎ መለካት ይበጃል።

ከፍታውን በዓይን ለመገመትም ክንድ ይበቃል። ክንድ ተዘርግቶ ሲታይ አውራ ጣት 2 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ከመሀል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የረር ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ዝቋላ ግን ግማሽ ዲግሪ ቢሆን ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ሰማይ ላይ የምትይዘውን ያህል ማለት ነው። ዝቋላን እንዲህ ያሳጠረው ርቀቱ ብቻ አይደለም። በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የመሬት ክብነት ከተራራው ቁመት ወደ 200 ሜትር የሚጠጋውን ከዓይናችን ደረጃ በታች ያወርደዋል። መሬት ክብ መሆኗን ለማየት ባሕር ዳርቻ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሆኖ ሁለቱን ተራሮች ማነጻጸር ይበቃል። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

የረር የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ትራካይት የሚባለው ወፍራም ቅልጥ ድንጋይ ወጥቶ ሠራው። ይህ ዓይነቱ ቅልጥ ድንጋይ እንደ ገንፎ እየከበደ ስለሚፈስ ሩቅ ሳይሄድ በወጣበት አካባቢ ይከመራል፤ የተራራው ዳገት ቀጥ ያለው ለዚህ ነው። ወጨጫና ፉሪም የዚሁ ወገን ናቸው፤ ከየረር ተነስቶ በስተምዕራብ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል የሚዘልቀው የጥንት እሳተ ገሞራዎች መስመር አካል ናቸው።

ለመውጣት ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በክረምት የግርጌው መረሬ አፈር ጫማ ላይ ተጣብቆ እያንዳንዱን እግር ያከብደዋል፤ ከሰዓት በኋላም መብረቅ አለ። ታች የጤፍ ማሳ ነው፤ በማሳ መካከል ማቋረጥ ነውር ስለሆነ የከብት መንገዱን ይያዙ፤ ከአካባቢው ሰው መሪ ቢያገኙ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ በየሸለቆው የተረፈው ጽድና ወይራ ይቀበልዎታል። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ ጫፉ ላይ ጃኬት ያስፈልጋል። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለምዶታል፤ ትናንት ከዱባይ የመጣ ዘመድ ግን ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ።

ዳገቱ ላይ የሚያበሳጨው «ደረስኩ» ሲሉ ከኋላው ሌላ ጫፍ ብቅ ማለቱ ነው። ወደ ውጭ የጎበጠ ዳገት እውነተኛውን ጫፍ ይሸፍነዋል። የስልኩ ጂፒኤስም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ ሳተላይቶቹ ሁሉ ከበላያችን እንጂ ከበታችን ስለሌሉ የከፍታ ስህተቱ ከአግድሙ ይበልጣል። ከሁለት ጉብታዎች የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ግማሽ ውኃ የያዘ ሃይላንድ ይበቃል። ሃይላንዱን በዓይን ትክክል ይያዙና ውኃው እስኪረጋ ይጠብቁ፤ የፊተኛውና የኋለኛው የውኃ ጠርዝ አንድ መስመር ሲሆኑ በዚያው መስመር ወዲያ ማዶ ይመልከቱ። ያኛው ጉብታ ከመስመሩ በላይ ከወጣ ጫፉ እዚያ ነው፤ ጉዞው አላለቀም።

ከላይ ሆነው ዝቋላን ሲፈልጉ ከደቡብ ጥቂት ወደ ምዕራብ ይመልከቱ፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየረርና በዝቋላ መካከል የቢሾፍቱ ሐይቆች አሉ፤ ቅልጥ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ በተፈጠረ ፍንዳታ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ናቸው። ዝቋላም ጫፉ ላይ ሐይቅ አለው፤ የእርሱ ግን ተራራ ከሆነ በኋላ በቀረው አፉ ውስጥ የተጠራቀመ ነው።