ሰው የሚወደው፣ አጥር የሚከለክለው ሄጅሆግ

ብሪታንያውያን ከአገራቸው የዱር እንስሳት አንዱን ምረጡ ሲባሉ መልሳቸው አያስቸግርም። በ2013 አንድ የዱር እንስሳት መጽሔት ለአገሪቱ ምልክት የሚሆን ፍጥረት እንዲጠቁሙ አንባቢዎቹን ሲጋብዝ ያሸነፈው ሄጅሆግ ነበር። በ2016 በተደረገ ሌላ ምርጫም አጥቢ እንስሳትን ሁሉ ቀድሞ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንደ አጋዘን ግርማ የለውም፣ እንደ ቀበሮም አይፈጥንም። አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ጀርባው በእሾህ የተሸፈነ፣ ሹል አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ በሌሊት ከጓሮ ጓሮ የሚዞር እንስሳ ነው። ቢያትሪክስ ፖተር በ1905 በልጆች መጽሐፏ ልብስ አጣቢ አድርጋ ካቀረበችው ወዲህ የአገሩ ልጅ ከእሱ ጋር ነው የሚያድገው። ይሁን እንጂ በ2020 የብሪታንያ አጥቢ እንስሳት ቀይ መዝገብ ሲወጣ፣ ይኸው ተወዳጅ ፍጥረት ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ገብቶ ተገኘ።

የእኛን ጃርት የሚያውቅ አንባቢ ያንን ረጅም፣ ጥቁርና ነጭ እሾህ በዓይነ ኅሊናው ሊያመጣ ይችላል። ሄጅሆግ ሌላ ነው። ጃርት ከአይጥ ወገን ስትሆን ሥራ ሥር ቆፍራ የምትበላ ናት፤ ሄጅሆግ ደግሞ የአይጥ ዘመድ አይደለም፣ ዋና ምግቡም ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬና የመሬት ትል ነው። ዘመዶቹ በምሥራቅ አፍሪካ ቆላማ ቦታዎች ይኖራሉ። የበረሃው ዝርያ እንዲያውም ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ “ኤቲዮፒከስ” የሚል ቃል አለበት፤ በዐረብ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በሌሊት መንገድ ሲያቋርጥ አይተውት ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ግን የአውሮፓው ነው።

አንድ ጎልማሳ ሄጅሆግ ከ5,000 እስከ 7,000 የሚደርስ እሾህ ይሸከማል። እያንዳንዱ እሾህ መልኩን የለወጠ ፀጉር ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሆን ውስጡ ክፍት ስለሆነ አይከብድም። እንስሳው አደጋ ሲሰማው አይሮጥም። ራሱንና እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይደበለበላል። ከቆዳው ሥር ዙሪያውን የሚያካብብ ጡንቻ አለው፤ ጡንቻው ሲኮማተር የከረጢት አፍ በገመድ እንደሚሳብ ሁሉ እሾሃማው ቆዳ ሰውነቱን ይዘጋዋል። ቀበሮ እንዲህ ሆኖ ሲያገኘው አሽትቶት ይሄዳል። መኪና ግን ቆሞ አያሸትም፤ የሄጅሆግ ትልቁ ጣጣም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሲወለድ እሾሁ የት ነው ያለው? ጥያቄው የእናቲቱን ምጥ ለሚያስብ ሰው ቀልድ አይደለም። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ አራት አምስት ግልገል ትወልዳለች፤ የግልገሎቹ እሾህ ፈሳሽ ባዘለ ያበጠ ቆዳ ሥር ተደብቆ ነው የሚወጣው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፈሳሹ ወደ ሰውነታቸው ይመለስና ነጫጭ እሾሆች ብቅ ብቅ ይላሉ። ሌላም ጉድ አለው። አዲስ ጠረን ያለው ነገር ሲያጋጥመው ያኝከዋል፣ አፉ አረፋ እስኪደፍቅ ያላምጠዋል፣ ከዚያ አንገቱን ቆልምሞ አረፋውን በምላሱ ጀርባው ላይ ይቀባል። ይህን የሚያደርግበትን ምክንያት በተመለከተ ተመራማሪዎች ዛሬም አልተስማሙም።

የአውሮፓ ክረምት ሲገባ ቅጠል ሰብስቦ ጎጆ ይሠራና ይተኛል። እንቅልፉ እንደኛ እንቅልፍ አይደለም፤ በደቂቃ 190 ጊዜ ያህል ይመታ የነበረው ልቡ ወደ 20 ይወርዳል፣ ሰውነቱም ይቀዘቅዛል። ከኅዳር አካባቢ እስከ መጋቢት የሚቆየው ከዚያ በፊት ባጠራቀመው ስብ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጠል በሚወድቅበት ወቅት በደንብ ካልበላ ጸደይን አያይም። ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ገደማ ኖረው ይሞታሉ። የዴንማርኳ ተመራማሪ ሶፊ ሉንድ ራስሙሰን የሞቱ ሄጅሆጎችን መንጋጋ ቆርጣ የዓመት የዓመቱን የዕድገት መስመር ስትቆጥር ግን 16 ዓመት የኖረ ወንድ አገኘች፤ ስሙንም ቶርቫልድ አለችው። ግኝቱ በ2023 ታተመ። ዕድሉን ካገኘ ብዙ መኖር የሚችል ፍጥረት ነው ማለት ነው።

በቁጥር በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ 30 ሚሊዮን ሄጅሆግ ነበረ የሚል ነገር በየጋዜጣው ይደጋገማል፤ ያ ቁጥር ከግምት ያለፈ መሠረት ስለሌለው እኔ አላምነውም። የሚታመነው በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ዘዴ ከሚደረግ ቆጠራ የሚገኘው አዝማሚያ ነው። በ2022 የወጣው የአገሪቱ የሄጅሆግ ሁኔታ ሪፖርት፣ በገጠር ያለው ቁጥር ከ2000 ወዲህ እንደየአካባቢው ከ30 እስከ 75 በመቶ መቀነሱን ገልጿል። በከተማ ግን መውረዱ የቆመ ይመስላል፤ ጥቂት የማገገም ምልክትም አለ። በለንደን እምብርት በሚገኘው ሪጀንትስ ፓርክ ዛሬም እየወለዱ የሚኖሩ ሄጅሆጎች አሉ። በ2024 ደግሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በመላው አውሮፓ ያለውን ሁኔታ አይቶ፣ እንስሳውን “ለአደጋ የቀረበ” ወደሚለው ደረጃ አሸጋገረው።

ገጠሩ ለምን ከከተማው ባሰ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እርሻው ለትልልቅ ማሽኖች እንዲመች ተብሎ በማሳዎች መካከል የነበረው የቁጥቋጦ አጥር በብዛት ተመነገለ። ሄጅሆግ የሚጠለለውም የሚጓዘውም በዚያ ሥር ነበር። ፀረ ተባይ መድኃኒት ጥንዚዛውንና አባጨጓሬውን ሲፈጀው ጓዳው ባዶ ቀረ። ባጀር የሚባለው ጠንካራ ጥፍር ያለው አውሬ የሄጅሆግን ምግብ ይሻማል፣ ሲያገኘውም ፈልቅቆ ይበላዋል። አንዳንዱ ጥፋቱን በሙሉ በባጀር ላይ ይደፋል፤ ሁለቱ እንስሳት ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል። የተለወጠው መሬቱ ነው። በዚህ ላይ መንገዱ አለ፤ በብሪታንያ በዓመት ከ167,000 እስከ 335,000 የሚሆኑ ሄጅሆጎች በመኪና ተገጭተው እንደሚሞቱ አንድ ጥናት ገምቷል።

ጓሮው መጠጊያ መሆን ሲገባው የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ሄጅሆግ በአንድ ሌሊት አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የአንድ ቤት ጓሮ አይበቃውም፣ አሥሩን ማዳረስ አለበት። ባለቤቶቹ ግን ከሥር እስከ ላይ የተደፈነ የጣውላ አጥር ያቆማሉ። ሣሩን ነቅለው ድንጋይ ያነጥፋሉ፣ ወይም የፕላስቲክ ሣር ይዘረጋሉ። የረገፈውን ቅጠል ጠርገው ያቃጥላሉ፤ በኅዳር 5 ለሚከበረው የእሳት በዓላቸው የሚከመረው እንጨት ውስጥ ገብቶ የተኛ ሄጅሆግ አብሮ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ። አዲሱ ጠላት ደግሞ በራሱ የሚነዳው ሣር ማጨጃ ሮቦት ነው። ራስሙሰንና ባልደረቦቿ የሞቱ ሄጅሆጎችን ሣር ላይ አስቀምጠው የተለያዩ ማሽኖችን ሲፈትኑ፣ ሳይነካው ቀድሞ ያወቀ አንድም ሮቦት አላገኙም። በጀርመን የኮሎኝ ከተማ ማሽኖቹ በሌሊት እንዳይሠሩ ከልክሏል፤ ትክክለኛ ሕግ ይመስለኛል።

ይህ እንስሳ በሁሉም ቦታ ወዳጅ ነው ብሎ መጻፍ ግን ውሸት ይሆናል። በ1974 ከስኮትላንድ ዋና ምድር በስተምዕራብ ወዳለችው የሳውዝ ዩይስት ደሴት፣ የአትክልት ተባይ እንዲበሉ ተብሎ ጥቂት ሄጅሆጎች ተወሰዱ። ተባዙና መሬት ላይ የሚጥሉ ወፎችን እንቁላል ፈጁት። በ2003 መንግሥታዊው የተፈጥሮ ጥበቃ ተቋም መግደል ጀመረ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ከ2007 ወዲህ እየተያዙ ወደ ዋናው ምድር መወሰድ ጀመሩ። ኒውዚላንድ ውስጥም ሰፋሪዎች ያመጡት ሄጅሆግ ዛሬ በይፋ ተባይ ነው። ጥበቃ የሚገባው በትውልድ ምድሩ ነው።

በትውልድ ምድሩ የተደረገለት ነገር ትንንሽ ይመስላል። በ1982 ሻለቃ ኤድሪያን ኮልስ፣ ከብት እንዳያልፍ መንገድ ላይ በተቆፈረ ባለፍርግርግ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሄጅሆግ መውጫ አጥቶ አየ። ከጉድጓዱ የሚያወጣ ዘቅዛቃ መወጣጫ እንዲሠራ ተሟገተና የብሪታንያ የሄጅሆግ ጥበቃ ማኅበርን መሠረተ። ማኅበሩ ባደረገው ውትወታ ማክዶናልድስ በ2006 የአይስክሬም ክዳኑን ቀዳዳ አጠበበ፤ ሄጅሆጎች ትራፊውን ሊልሱ ራሳቸውን ከተው መውጣት እያቃታቸው ይሞቱ ነበርና። በ2011 የተጀመረው ዘመቻ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት በአጥሩ ሥር ቀዳዳ እንዲከፍት ይጠይቃል። በኦክስፎርድሻየር የኪርትሊንግተን መንደር ሰዎች የድንጋይ ግንባቸውን ሳይቀር ሰርስረው፣ መሬቱ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቦታ ለእንስሳው የሚሆን ትንንሽ ደረጃ ሠርተዋል።

ለንደንም ሆነ ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልምም ሆነ ብራስልስ ጓሮ ባለው ቤት የምትኖሩ አንባቢዎች፣ የሚያስፈልገው ቀዳዳ 13 በ13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሄጅሆግ ያልፍበታል፣ ብዙ ውሻ ግን አያልፍም። ጎረቤታችሁን አስፈቅዳችሁ ክፈቱ። በአንድ ጥግ ቅጠል ተዉለት። ዝቅ ባለ ሳህን ውኃ አኑሩለት፤ ካሻችሁ ሥጋ ያለበት የድመት ምግብ ጨምሩ። ወተት ግን አትስጡት፣ ሆዱን ያስቀምጠዋል።