የጋላቢው ጥፋትና የሜዳው ዳኞች

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ በፈረስ ይጥለቀለቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገራል። በዓሉ ላይ ግልቢያ አለ፣ ጉግስም አለ። ጉግስ ሲሆን አባራሪው ዱላውን ይወረውራል፣ ተባራሪው በጋሻው ይመክታል፤ አደጋው የጨዋታው አካል ስለሆነ የገባበት ሁሉ አውቆ ነው የሚገባው። ለሽልማት በሚደረግ የሩጫ ውድድር ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ አንዱ ጋላቢ የሌላውን መንገድ ከዘጋ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱን የሚያይ፣ የሚመረምርና የሚቀጣ ዳኛም አለ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ዳኝነት ነው።

መጀመሪያ አደጋው ከየት እንደሚመጣ እንይ። ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ፣ ከምሥራቅ የመጡ ድንጉላዎችን ከአገሩ ባዝራዎች ጋር በማዳቀል የተገኘ ዘር ነው። ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ጋላቢው እርካቡን አሳጥሮ፣ መቀመጫውን ከኮርቻው አንሥቶ፣ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ ነው የሚጋልበው። ከፊት ያለው ፈረስ ድንገት ወደ ጎን ሲታጠፍ፣ ከኋላ የሚመጣው የፊት ሰኮናው የቀዳሚውን የኋላ ተረከዝ ይነካል። የሚወድቀው ታዲያ መንገድ የዘጋው አይደለም፤ የተዘጋበት ነው። በስተኋላው ደግሞ ሌሎች ፈረሶች እየጋለቡ ይደርሳሉ። የአንድ ፈረስ ርዝመት 2 ሜትር ከ40 ያህል ቢሆን፣ በዚያ ፍጥነት የሚታለፈው ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ከኋላ ላለው ሰው ልጓም ለመያዝ የቀረው ጊዜ ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ የሌላውን መስመር የሚያቋርጥ ጋላቢ አስቀድሞ በቂ ርቀት ጥሎ መውጣት አለበት፤ ፈረሱ በራሱ ጊዜ ወደ ጎን ቢሄድበት እንኳ አለንጋውን ትቶ በልጓሙ ማቅናት ይጠበቅበታል።

ዳኞቹ ስቱዋርድ ይባላሉ። ውድድሩን ከከፍታ ቦታ ሆነው ያያሉ፤ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የተነሣ ፊልምም አላቸው። አንድ ነገር ከጠረጠሩ ወይም ተጎዳሁ ያለ ጋላቢ አቤት ካለ ውጤቱ ሳይጸድቅ፣ የተወራረደውም ሕዝብ ገንዘቡን ሳይቀበል ምርመራ ይጀመራል። ጋላቢዎቹ ገና ጭቃቸውን ሳያራግፉ ይጠራሉ፣ ፊልሙ ይታያል፣ ሁሉም የሚለውን ይላል። በዚህ ጊዜ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የፈረሱ ደረጃ ይጽና ወይስ ይውረድ የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ሰውየው ጥፋት ነው። ፈረሱ ደረጃውን እንደያዘ ጋላቢው ሊቀጣ ይችላል፤ ፈረሱ ወርዶ ጋላቢው በነፃ የሚሄድበት ጊዜም አለ።

ጥፋቱ ልክ አለው። የአውስትራሊያ ደንብ ጥንቃቄ የጎደለው፣ ደፋርና ለሌላው የማይጨነቅ፣ አግባብ ያልሆነ፣ ችሎታ የጎደለው እና ነውረኛ ግልቢያ እያለ ይለያል። ከእነዚህ ሁሉ በብዛት የሚያስቀጣው ጥንቃቄ የጎደለው ግልቢያ ነው። ለዚህ ክፉ ሐሳብ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጠንቃቃ ጋላቢ የሚያደርገውን ሳያደርግ መቅረቱ ይበቃል። ይህ ትክክል ይመስለኛል። የወደቀው ሰው አጥንት የሚሰበረው የመንገድ ዘጊው ልብ ተመርምሮ አይደለምና።

ቅጣቱ አብዛኛውን ጊዜ የቀናት እገዳ ነው። ጋላቢ የሚኖረው በጋለበ ቁጥር ከሚከፈለውና ከሽልማቱ ከሚደርሰው ድርሻ ስለሆነ፣ እገዳው ከእንጀራው ላይ የሚነሣ ነው። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ2015 በሜልበርን ካፕ ውድድር ጋላቢው ፍራንኪ ዴቶሪ ማክስ ዳይናማይትን ጋልቦ ሁለተኛ ወጣ፤ በመንገዱ ሌሎችን በማደናቀፉ ለአንድ ወር ታገደ፣ 20 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላርም ተቀጣ። በእንግሊዛዊው ጋላቢ ሌስተር ፒጎት ላይ የወረደው ከዚህ የከበደ ነበር። በ1954 በ18 ዓመቱ ኔቨር ሴይ ዳይ በተባለው ፈረስ የኤፕሰምን ደርቢ አሸነፈ፤ በዚያው ወር አስኮት ላይ በዚያው ፈረስ በፈጸመው ግልቢያ ስድስት ወር ታገደ። ከአባቱ በረት ወጥቶ በሌላ አሠልጣኝ ሥር እንዲሠራም ታዘዘ። እገዳው ኋላ ቢያጥርለትም መስከረም ላይ ፈረሱ የሴንት ሌጀርን ውድድር ሲያሸንፍ ኮርቻው ላይ የነበረው ቻርሊ ስመርክ ነው።

ፊልም ከመምጣቱ በፊት ዳኝነቱ በዓይን ብቻ ነበር። በ1933 በአሜሪካው የኬንታኪ ደርቢ መጨረሻ ላይ ዶን ሚድና ኸርብ ፊሸር ጎን ለጎን እየጋለቡ እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ አንዱ የሌላውን ይጎትታል፣ ሌላውም ይመልሳል። የሚድ ፈረስ ብሮከርስ ቲፕ በአፍንጫ ቀደመ ተባለና ውጤቱ ጸና። ሁለቱም ለ30 ቀን ታገዱ፤ ፊሸር በልብስ መቀየሪያው ክፍል ሚድን ስለመታ አምስት ቀን ተጨመረበት።

በዚያው ሜዳ በ2019 የሆነው ግን ሌላ ነው። ግንቦት 4 ቀን፣ በጭቃ ላይ፣ ማክሲመም ሴኪዩሪቲ የተባለው ፈረስ አንደኛ ሆኖ ገባ። ሁለት ጋላቢዎች አቤት አሉ። ዳኞቹ ፊልሙን 22 ደቂቃ ካዩ በኋላ ፈረሱ መታጠፊያው ላይ መስመሩን ለቆ ሌሎችን አደናቅፏል ብለው ወደ 17ኛ አወረዱት። ድሉ ለካንትሪ ሃውስ ተሰጠ፤ በእርሱ ላይ 2 ዶላር ያስያዘ ሰው 132 ዶላር ከ40 ሳንቲም ተቀበለ። የማክሲመም ሴኪዩሪቲ ጋላቢ ሉዊስ ሳኤስ 15 የውድድር ቀን ታገደ። በደርቢው ታሪክ በሜዳ ላይ ጥፋት ድሉን የተነጠቀ የመጀመሪያው ፈረስ ይህ ነው።

እንግሊዝ ቢሆን ውጤቱ ሳይጸና አይቀርም ነበር። አሜሪካኖቹ የተደናቀፈው ፈረስ ደረጃ ከተጓደለ አደናቃፊውን ከእርሱ በታች ያወርዱታል። በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በሆንግ ኮንግ ግን አደናቃፊው የሚወርደው፣ የተደናቀፈው ፈረስ ባይነካ ኖሮ ይቀድመው ነበር የሚል እምነት ሲያድር ነው። ፈረንሳይ ለረጅም ዘመን ወደ አሜሪካው ትቀርብ ነበር፤ በ2018 ወደ እንግሊዙ ተሻገረች። ይህኛው ደንብ ለባለ ፈረሱና ለተወራራጁ ፍትሐዊ መሆኑን አልክድም። ለጋላቢው ግን የሚያጓጓ ነገር ያስቀምጥበታል፦ ድሉ እጅህ ይቀራል፣ የምታጣው የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ለዚህ ነው እገዳው መክበድ አለበት የምለው።

በፈረንሳይ የሆነውን አንድ ምሳሌ ላንሣ። መስከረም 30 ቀን 2022 ፓሪስ አጠገብ ሴን ክሉ ላይ ጋላቢው ክሪስቶፍ ሱሚዮን ጎኑ የነበረውን ሮሳ ራያንን በክርኑ ገፍቶ ከፈረሱ ጣለው። ራያን ደግነቱ አልተጎዳም። ሱሚዮን ይቅርታ ጠየቀ፣ 60 ቀን ታገደ። እገዳው ግን እንደ ደንቡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሚጀምር፣ በሁለተኛው ቀን በአርክ ደ ትሪዮምፍ ውድድር ቫደኒን ጋልቦ ሁለተኛ ወጣ። ይህ የቀን ርቀት የተቀመጠው ባለ ፈረሶች ሌላ ጋላቢ እንዲፈልጉ ነው፤ ለተራ ጥፋት ይሁን። ሰውን በክርን ለጣለ ግን አሁንም አይዋጥልኝም። ቀጣሪው የነበረው የአጋ ካን በረት ውሉን አቋረጠ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ የጋላቢው የፍሬዲ ታይሊኪ ጉዳይ ነው። ጥቅምት 31 ቀን 2016 በለንደን አጠገብ ኬምፕተን ፓርክ ላይ፣ በአጥሩ በኩል ኔሊ ዲንን እየጋለበ ሳለ ግሬም ጊበንስ በማዳም በተርፍላይ ወደ አጥሩ ተጠጋበት። ታይሊኪ ጮኸ፣ ቦታው ግን ጠበበ፣ የፈረሱ እግር ተነካ፣ ወደቀ። አራት ፈረሶች ወደቁ። ታይሊኪ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። የሜዳው ዳኞች በዚያው ዕለት መርምረው በድንገት የደረሰ አደጋ ነው አሉ።

ታይሊኪ ጊበንስን ፍርድ ቤት ከሰሰው። ጊበንስ ጥፋት የለብኝም ብሎ ተከራከረ። ታኅሣሥ 2021 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊልሙን ደጋግሞ አይቶ፣ ጋላቢዎችን በምስክርነት ሰምቶ፣ ጊበንስ የባልደረባውን ደኅንነት ከቁም ነገር ሳይቆጥር ጋልቧል ሲል ኃላፊ አደረገው። ዳኛዋ ውድድር የጦፈ ነገር በመሆኑ ተራ ስሕተት ሁሉ ካሣ እንደማያስከፍልና መለኪያው ከፍ ያለ መሆኑን በፍርዳቸው ገልጸዋል፤ የጊበንስ ግልቢያ ግን ያንን መለኪያ አልፎ ተገኘ። ብዙ ጋላቢዎች ፍርዱን ሲሰሙ በየስሕተታችን ልንከሰስ ነው ብለው ሰጉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን የኬምፕተን ዳኞች በዚያ ቀን ውሳኔ ሲሰጡ ታይሊኪ ሆስፒታል ስለነበር፣ አደጋውን ከመሬት ያየው ሰው ቃል ሳይሰማ ነው መዝገቡ የተዘጋው። አንድ ሰው በከባድ ሁኔታ ከተጎዳ ምርመራው ተጎጂው መናገር እስኪችል ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት፤ ውጤቱና የተወራራጁ ገንዘብ በዕለቱ ቢያልቅም፣ የጋላቢው ጉዳይ በዕለቱ ማለቅ የለበትም።