ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ በሩ ሲዘጋ

ከዓስር ሰላት በኋላ ነው። በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም አንዲት ጎረቤታችን የታጠበ ልብስ ልታወርድ ከቤቷ ወጣ እንዳለች ነፋስ በሩን ገፍቶ ዘጋባት። ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ፣ ሾርባው ምድጃ ላይ፣ የሁለት ዓመት ልጇ ደግሞ አልጋ ላይ ነበሩ። ወሩ ረመዳን ነው፤ ባለቤቷ ገና ከሥራ አልተመለሰም።

ጩኸቷን ሰምተን ስንሰበሰብ ሁላችንም የታየን በሩ ብቻ ነበር። አንዱ በትከሻው ገፋው፤ ሌላው «መዶሻ አምጡ!» አለ። ከመካከላችን አንድ አዛውንት ግን ምንም ሳይናገሩ ደረጃውን ወርደው የቤቷን መብራት ከቆጣሪው ላይ አጠፉት። ምድጃው የኤሌክትሪክ ስለነበር የሾርባው ነገር በዚህ አበቃ፤ አልሐምዱሊላህ። ከዚያም ከአስፋልቱ ማዶ ቁልፍ የሚቀርጸውን ወጣት እንድንጠራ አዘዙን።

ወጣቱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ። መሣሪያውን እያወጣ ግን «ቤቱ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ። እናትየው «ልጄ ውስጥ ነው እኮ!» ብላ ጮኸችበት። «እህቴ፣ አይክፋሽ፤ ማንንም ሳልጠይቅ አልከፍትም» አለና ወደ እኛ ዞረ። አዛውንቱም «ቤቱ የእሷ ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ» አሉት። ነገሩ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ይሁን እንጂ «እንዴት ያለ ደረቅ ሰው ነው!» ብለን ያጉረመረምን ነበርን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን የወጣቱ ጥያቄና የእኛ ማጉረምረም ነው።

የተዘጋ በርና የተቆለፈ በር

ለመሆኑ ባለሙያው ያለ ቁልፍ በር የሚከፍተው እንዴት ነው? መጀመሪያ የሚያጣራው በሩ ተገፍቶ ብቻ የተዘጋ ነው ወይስ በቁልፍ የተቆለፈ የሚለውን ነው። በሩ ሲገፋ መቃኑ ውስጥ የሚገባው የብረት ምላስ አንድ ጎኑ ሰያፍ ነው፤ ከኋላውም ሞላ አለው። ስለዚህ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ባለሙያው ጠንካራ ሆኖም የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ በበሩና በመቃኑ መካከል ያስገባል። ፕላስቲኩ ሰያፉን ጎን ሲጫነው ምላሱ ወደ ኋላ ይሸሻል። የጎረቤታችን በር የተከፈተው በዚህ ዘዴ ነበር።

በሩ በቁልፍ ተቆልፎ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። መቃኑ ውስጥ የሚገባው ብረት ሰያፍ ጎንም፣ የሚገፋ ሞላም የለውም። እንግዲህ ሥራው ሁሉ ወደ ሲሊንደሩ ይዞራል። በሲሊንደሩ ውስጥ በሞላ የሚገፉ ትናንሽ የብረት ዘንጎች በተርታ ተደርድረዋል። የቁልፉ ጥርሶች እያንዳንዱን ዘንግ በልኩ ሲያነሡት ሁሉም በአንድ መስመር ይስተካከሉና ሲሊንደሩ ይዞራል። ባለሙያው በአንድ ቀጭን ብረት ሲሊንደሩን በጥቂቱ ጠምዝዞ ይይዝና በሌላው ብረት ዘንጎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ያነሣል። ሥራው ከዓይን ይልቅ የጣት ነው፤ ትዕግሥትም ይፈልጋል።

ለዚህ ዓይነቱ ቁልፍ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ታናሹ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት አግኝቷል። መሠረታዊ ሐሳቡ ግን በጥንታዊት ግብጽ የእንጨት መቆለፊያዎች ላይም የነበረ ነው። ሙስሊሙ መሐንዲስ አል-ጀዘሪም እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ ያለ ቁልፍ፣ ፊደላትን በማገጣጠም ብቻ የሚከፈት የሣጥን መቆለፊያ አሠራርን አስፍሯል።

ብዙዎቻችንን የሚያታልለን ቁልፉ ከውስጥ በኩል እንደተሰካ ሲቀር ነው። «ሌላ ቁልፍ አለን» ብለን እንጽናናለን። በብዙዎቹ ሲሊንደሮች ግን በውስጥ የተሰካው ቁልፍ ከውጭ የሚገባውን አያሠራውም። በአንዱ በኩል ቁልፍ ተሰክቶ እንኳ በሌላው በኩል የሚከፈቱ ሲሊንደሮች አሉና ስንገዛ ጠይቀን ብንገዛ ይበጃል።

መሰርሰሪያ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሲሊንደሩ ተበስቶ ይጣላል፤ በሩ ግን ይተርፋል፤ አዲስ ሲሊንደር ይገጠምለታል። ስለዚህ ገና ከመድረሱ፣ ሌላውን መንገድ ሳይሞክር መሰርሰሪያ የሚያነሣ ሰው ካጋጠመን ምክንያቱን ልንጠይቀው ይገባል። ዋጋንም ሥራው ሳይጀመር መነጋገር ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

ቁልፍ አማና ነው

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ለጨነቃት እናት በር የሚከፍተው እጅ ለሌባም ሊከፍት ይችላል፤ ብረቱም ያው፣ ዘዴውም ያው ነው። ልዩነቱ «የማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ በተከፈተች ጊዜ የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የካዕባን ቁልፍ ከዑስማን ኢብን ጦልሓ (ረ.ዐ) አስመጥተው ቤቱን አስከፈቱ። ቁልፉን ይዞ የመቆየት ክብር ለራሳቸው ቤተሰብ እንዲሆን የፈለጉ ነበሩ። እርሳቸው ግን ዑስማንን አስጠርተው ቁልፉን መለሱለት። አማናን ለባለቤቱ ስለመመለስ የሚያዘው የሱረቱ አን-ኒሳእ 58ኛ አንቀጽ የወረደው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ብዙ ሙፈሲሮች ዘግበዋል። ቁልፉም እስከ ዛሬ ድረስ በበኒ ሸይባ ቤተሰብ እጅ ይገኛል።

ሱረቱ አን-ኑርም (አንቀጽ 27) የሌላ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ መግባትን ይከለክላል። በሩ ክፍት በሆነበት ጊዜ እንኳ ይህን ያህል የተጠበቀ ቤት በተዘጋ ጊዜማ እንዴት አይጠበቅ! እስቲ እኛ በሌለንበት የማናውቀው ሰው በራችን ላይ ቆሞ «ቤቴ ነው፤ ክፈትልኝ» ቢል ባለሙያው ዝም ብሎ እንዲከፍትለት እንወዳለንን? እንግዲያው በዚያ ምሽት ወጣቱ የጠበቀው የእኛንም ቤት ነበር።

በእርግጥ ልጅ በአደጋ ላይ ሲሆን ጥያቄ ሥራን ማዘግየት የለበትም። ወጣቱም ምስክር የጠየቀው እጁን ሳያቆም ነው። ጭስ ከታየ ወይም ልጁ መልስ ካልሰጠ ደግሞ በሩን መስበር ግድ ይላል፤ በር ይተካል። በአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ የሚደወለው 939 መሆኑን ልጆቻችንም ሊያውቁት ይገባል። መለዋወጫ ቁልፍ ምንጣፍ ሥር ከመደበቅ ይልቅ ለሚታመን ዘመድ ወይም ጎረቤት ማስቀመጥ ይሻላል። የቤቱ አባወራ በሌለበት ባለሙያ ሲጠራም ጎረቤት አብሮ ቢቆም ለእህታችንም ለሠራተኛውም ክብር ነው።

በሩ እንደተከፈተ ወጣቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና ፊቱን ወደ ደረጃው አዞረ። ወደ ቤቱ ውስጥ አልተመለከተም። እናትየው ሮጣ ገብታ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ ተኝቶ ነበርና ዓይኑን እያሻሸ ሁላችንንም ተራ በተራ ያየን ጀመር። እርሷም ወጣቱን «አፉ በለኝ፤ ጮህኩብህ» አለችው። «ምንም አይደል፤ ሌላ ሰው መጥቶ የአንቺን በር ክፈት ቢለኝም ይህንኑ ነው የምጠይቀው» አላት።

ያጉረመረምነው ሁሉ አንገታችንን ደፋን። ምድጃው እንደጠፋ ነበርና በዚያ ምሽት ያፈጠረችው ከየቤታችን በተላከ ሾርባ ነው። ከመተኛታችን በፊትም ሁለት ቤተሰቦች መለዋወጫ ቁልፋቸውን ለአዛውንቱ አደራ ሰጡ። አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን።