መጽሐፉ ተቀየረ፤ ማለፊያውስ? የሥርዓተ ትምህርት ዳሰሳ ከጋሸና መገንጠያ

ትምህርት ሚኒስቴር በመስከረም 2018 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት ሲገልጽ፣ ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 ከመቶ መሆናቸውን እንደ መሻሻል ነበር ያቀረበው። መሻሻል መሆኑስ እውነት ነው። በ2014 ያለፉት 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበሩ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ብቻ ከ1,300 በላይ ነበሩ። የዘንድሮው የ2018 ፈተና ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል መድረስ የነበረባቸው፣ 9ኛን በ2015 በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የጀመሩት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሚዛን ላይ የሚወጡት ተማሪዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ሥርዓተ ትምህርቱም አብሮ ይወጣል።

ጋሸና ላይ ይህ ስሌት ይፋለሳል። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው የቻይና መንገድ ወደ ላሊበላ የሚገነጠልባት ይህች የደጋ ከተማ በ2014 የጦር ግንባር ሆና ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ከርማለች። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ነው፤ የክልሉ ትምህርት ቢሮ በ2017 ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ተናግሯል። መጽሐፉ ታትሟል፣ መርሐ ትምህርቱ ተሰናድቷል፣ የፈተናው ቀን ይቆረጣል፤ ልጁ ግን ከመጽሐፉ ስንቱን ምዕራፍ አየ? ሥርዓተ ትምህርት የሚባለው አዲስ አበባ የተጻፈው ነው ወይስ ደጋው ላይ ልጁ ጋ የደረሰው?

የዘርፉ ሊቃውንት መቶ ዓመት የተከራከሩበት ጉዳይ ይህ ነው። አሜሪካዊው ፍራንክሊን ቦቢት እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው መጽሐፉ ዐዋቂ ሰው በኑሮው የሚሠራውን ዘርዝሮ፣ ዝርዝሩን ለልጁ ማስተማር ነው ብሎ ተነሣ። ጆን ዲዊ ከእርሱ ቀድሞ፣ በ1902፣ መነሻው ልጁና ልምዱ ሊሆን እንደሚገባ ጽፎ ነበር። ራልፍ ታይለር በ1949 ነገሩን በአራት ጥያቄዎች ጠቀለለው፦ ትምህርት ቤቱ ምን ዓላማ ይዟል? ወደዚያ የሚያደርሰው ምን ዓይነት ልምድ ነው? ልምዱ እንዴት ይደራጃል? መድረሱስ በምን ይታወቃል? ሂልዳ ታባ በ1962 ሥራው ከላይ ሳይሆን ከመምህሩ ይጀምር አለች። የእኛ ፖሊሲዎች ከአራቱ የታይለር ጥያቄዎች ሦስቱን በየዘመኑ እያደሱ መልሰዋል። አራተኛዋን ግን ለፈተና ድርጅት አስረክበው ተቀምጠዋል። የዚህ ዳሰሳ ክርክር እርሷ ናት።

የሥርዓተ ትምህርት ዓይነቶችን ማንኛውም የመምህራን ማሠልጠኛ ሞጁል ስለሚዘረዝራቸው ረዘም ማድረግ አያስፈልግም። በአደራጃጀት ረገድ የትምህርት ዓይነት ተኮር፣ ተማሪ ተኮርና ችግር ተኮር ይባላሉ። ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1960 ያስተዋወቀው ዓይነት ደግሞ ያንኑ ሐሳብ በየክፍሉ እያጠለቁ መመለስን ይፈልጋል። ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን አንድ ላይ ያሰረው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ የተቀናጀው ዓይነት ምሳሌ ነው። ይህ ሁሉ የወረቀት ክፍፍል ነው።

ጠቃሚው ክፍፍል ሌላ ነው፦ የተጻፈው፣ የተሰጠው፣ የተፈተነውና ልጁ ይዞት የሄደው። በእነዚህ ላይ ፊሊፕ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ማንም ሳያቅደው የሚሰጠውን ድብቅ ሥርዓተ ትምህርት፣ ኤሊየት አይዝነር እ.ኤ.አ. በ1979 ሆን ተብሎም ሆነ ሳይታሰብ የተዘለለውን ጨመሩ። ሁለቱንም ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1997 በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ ያስተላልፍ ነበር፤ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛው የስክሪኑ ሲሆን፣ ለመምህሩ የሚተርፉት ደቂቃዎች ለመግቢያና ለማጠቃለያ ነበሩ። ተማሪው ጠይቆ ስክሪኑ አይቆምለትም፤ መብራት ሲሄድ ትምህርቱም ይሄዳል። ከሒሳቡ ይልቅ ተማሪው አጥርቶ የያዘው መምህሩ እንደማይታመን ነው። የተዘለለውን ከፈለግን ደግሞ ላሊበላ አለልን። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በታሪክ መጽሐፍ በኩራት ይጠቀሳሉ፤ ዝናቡ እንዳይተኛባቸው በዓለቱ ውስጥ የተቆፈሩት ቦዮች ግን የፊዚክስ ጥያቄ ሆነው ሲመጡ ማየት ብርቅ ነው።

ከዓይነቶቹ ወደ ሥርዓተ ትምህርት መሠረቶች እንለፍ። መጻሕፍቱ ፍልስፍናዊ፣ ሥነ ልቡናዊ፣ ታሪካዊና ማኅበረሰባዊ ብለው አራት ያደርጓቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእኛ አገር የተውሶ ሆነው ቆይተዋል። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት መምህራኑ ከግብጽ የመጡ ሲሆን፣ ትምህርቱም በአመዛኙ ቋንቋ ነበር። ከዚያ የፈረንሳይ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የእንግሊዝ፣ ቀጥሎ የአሜሪካ፣ በደርግ ዘመን የምሥራቅ ጀርመን እጅ ገብቷል። አሜሪካዊው አማካሪ ኧርነስት ወርክ ገና ከወረራው በፊት ኢትዮጵያ የሌላ አገር ሥርዓት ከምትገለብጥ የራሷን እንድታበጅ መክሮ ነበር። ምክሩን ሁሉም ዘመን በጨዋ ቋንቋ ይደግመዋል፣ ማንም አይሠራበትም።

ማኅበረሰባዊው መሠረት ላይ ግን አገሪቱ በራሷ ደም የጻፈችው ምዕራፍ አለ፤ ሴክተር ሪቪው። በ1964 የተጠናቀቀው ይህ ጥናት ችግሩን በትክክል ነበር ያየው፦ ትምህርቱ የከተማ ነው፣ ውድ ነው፣ ብዙኃኑን የገበሬ ልጅ አይነካም። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ደግሞ ለሁሉም የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት፣ ከዚያ በላይ ለጥቂቶች ብቻ የሚከፈት በር ነበር። በስሌት ካየነው ስሕተት የለውም። ወላጅ ግን ስሌት አላነበበም፤ ያነበበው የድሃ ልጅ እርሻው ላይ ይቅር የሚል ፍርድ ነው። መምህራን ደመወዛቸውም ተነክቶ ነበርና በየካቲት 1966 ሥራ አቆሙ፤ ወላጅና ተማሪ አብሮ ወጣ፣ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። ያኔ ወሎ በረሃብ ላይ ነበረ። የአብዮቱን መንሥኤ ሲዘረዝሩ ረሃቡንና ነዳጁን የሚያስቀድሙ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን የሥርዓተ ትምህርት ሰነድ የሚያስታውሱት ጥቂት ናቸው። ለእኔ ግን በዘርፉ ታሪካችን ከሁሉም የሚያስተምረው እርሱ ነው። ሰነዱ የወደቀው ይዘቱ ደካማ ስለነበር አይደለም፤ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚቀር የሚወስነውን ገጽ ሕዝቡ ከባለሙያዎቹ በተሻለ ስላነበበው ነው።

ደርግ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን አወጀ፤ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፣ ዩኔስኮም ሸለመው። በ1986 የወጣው ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን አነገሠ፤ በዚሁ ክልል በዋግ ኽምጣንጋ፣ በአዊ አገውኛ ወደ ክፍል ገቡ። ተማሪ ተኮር የሚለው ቃል፣ ተከታታይ ምዘናና ኋላም አንድ ለአምስት የተማሪዎች ቡድን የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ከዚሁ ጋር ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል መድገም ቀረ። ሐሳቡ ልጁ ተስፋ ቆርጦ እንዳይወጣ ነበር፤ የማይሻር ቅን ሐሳብ ነው። ነገር ግን ያልገባውን ልጅ ለይቶ የሚያስጠና ሰዓትም መምህርም አብሮ አልተመደበለትም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። 12ኛ ላይ የምናየው ውድቀት የተዘራው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ በጋሸና ዙሪያ ያለውን ሌላ ትምህርት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያኑን፣ ሳላነሣ አላልፍም። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው፤ በቅዳሴ የታወቀችው ሰለልኩላም የዚሁ የዋድላና ደላንታ አገር ናት። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ደረጃ በደረጃ ሲገልጹ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1970 በኒው ዮርክ በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ የዘርፉ ኮርሶች ግን ታይለርን እንጂ እርሳቸውን አያስነብቡም። ታይለር የጠየቃቸውን አራቱንም እዚያ ተመልሰው እናገኛቸዋለን።

ቀረብ ብለን እንየው። ልጁ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ዳዊት ይሄዳል፤ ንባቡም ግዕዝ፣ ውርድና ቁም እየተባለ ይደጋገማል። ቅኔ ቤት የገባው ደግሞ ግሱንና አገባቡን እያጠና ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀን ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመለስ ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ይነግራል። ግሱ ከተሰበረ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ፣ እዚያው ይታረምለታል፤ ነገም ያንኑ ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ሲሞላለት ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። አንዱ በዓመት፣ ሌላው በሦስት ዓመት ይደርሳል። ጓደኛው ስለቀደመው ወደቀ አይባልም፤ ጊዜው ስለደረሰም አለፈ አይባልም። የቀደመው ለኋለኛው አስነጋሪ ይሆናልና የመምህር እጥረት የሚባለውም ከውስጥ ይሸፈናል። በአዲሱ የትምህርት ቋንቋ ስናወራ ቀጣይነት ያለው ምዘና፣ የአቻ ለአቻ ትምህርትና በብቃት መሸጋገር ይባላል፤ የኔታ ይህን ሁሉ ያለ ሞጁል ያደርጉታል።

ማወደሱ ግን ልክ ሊኖረው ይገባል። ይህ የቆሎ ትምህርት ቤት በአለንጋም ያስተምር ነበር፤ ተማሪው ኮፈዳውን ይዞ እየለመነ ነው የሚማረው፣ በረሃብና በበሽታ የቀረው ስም የለውም። ሒሳብና የእጅ ሥራ የሉበትም። ሴቶች ከጉባኤው ውጭ ነበሩ፤ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሚጠቀሱት ብርቅ ስለሆኑ ነው። ሙስሊሙ ልጅ ደግሞ የራሱ የቁርኣን ትምህርት ቤት አለው፤ ወሎም የታወቁ የራሷ የእስልምና መድረሳዎች አሏት። ስለዚህ የምፈልገው ይዘቱ ወደ ክፍል እንዲገባ አይደለም። የምፈልገው ሳይገባው የማያልፍበትን፣ ስላልገባውም የማይጣልበትን ሥርዓት ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አገር በቀል ዕውቀትን ከመሠረቶቹ አንዱ አድርጎ ጽፏል። ግብረ ገብ ተመልሷል፣ የሥራና ቴክኒክ ትምህርት ተጨምሯል፣ ግብርና 11ኛና 12ኛ ክፍል ራሱን ችሎ ገብቷል፣ እርከኑም 6፣ 2 እና 4 ሆኗል። በ2015 የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህንኑ አጽንቷል። በይዘት ከቀደሙት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ውርጭና የአፈር መሸርሸር የሚያውቅ የደጋ ልጅ ግብርናን በወግ ቢማር ማን ይጠላል። ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ፈተናውን በ2015 ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በማዛወራቸው ኩረጃው ቀንሷል፤ ውጤቱ እውነተኛውን ገመና አውጥቷል። ይህን ያህል ድፍረት የበፊቶቹ አልነበራቸውም። ነገር ግን ድፍረቱ 12ኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ልጁ ማንበብ አለመቻሉ የሚታወቀው 12 ዓመት ተቀምጦ ከሆነ፣ የታይለር አራተኛ ጥያቄ ዛሬም የተመለሰችው በመጨረሻው ቀን ብቻ ነው።

ለጋሸናና ለዙሪያዋ ጉዳዩ ከዚህም ይልቅ አስቸኳይ ነው። የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ መምህሩ ሁለት የጠፉ ዓመታትን በአንድ ዓመት እንዲያካክስ ይጠየቃል፤ መጽሐፉን ሁሉ መሸፈን አይችልም፣ ስለዚህ ይቆርጣል። ምን እንደሚቆረጥ መወሰን ደግሞ ከማንኛውም የፖሊሲ ሰነድ የከበደ የሥርዓተ ትምህርት ሥራ ነው። ዛሬ ይህ ሥራ ለየመምህሩ ግምት ተትቷል፤ አንዱ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ያስተምራል፣ ሌላው ፈተና ላይ ይመጣሉ ያላቸውን። ክልሉና ሚኒስቴሩ በየክፍሉ የግድ የሆኑትን ብቃቶች ነጥለው ማውጣት አለባቸው። ከዚያም ልጁን በዕድሜው ወይም በጠፋበት ዓመት ሳይሆን በሚችለው ደረጃ መድበው፣ ፈተናውንም በዚያው ልክ ማስተካከል ይገባቸዋል። ይህ ካልሆነ የዘንድሮው ውጤት ሲወጣ ከመቶ ስንት አለፈ የሚለው ቁጥር ስለ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሚነግረን አይኖርም፤ የሚነግረን ትምህርት ቤት የት ክፍት እንደነበረ ብቻ ይሆናል።