ወደቡ የሚያበላቸውና የማያበላቸው

ከጋላፊ ወይም ከደወሌ ወርደው ፒኬ 12 በተባለው የመኪና መቆሚያ ላይ ተራ የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ስለ ጅቡቲ የሚያወሩት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ሙቀቱ ይነሣል፣ የውሃው ዋጋ ይነሣል፣ የትራንዚተሩ ምልልስ ይነሣል። ቀጥሎ ፍርዱ ይመጣል፦ «እዚህ አገር ሰው አይሠራም፤ መንግሥት እየደጎመ ያስቅመዋል።»

ለፍርዱ የሚጠቀሰው ማስረጃ ከዐይን የራቀ አይደለም። ሰባት ሰዓት ገደማ ከሐረርጌ የተነሣው ጫት ከተማዋ ይገባል። በጎዳናው ዳር በተደረደሩት መሸጫዎች ዙሪያ ግርግር ይሆንና ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ጭር ይላል። ቅጠሉን በብብቱ የያዘ ወንድ ሁሉ ወደ ቤቱ ወይም ወደ መብረዙ፣ ማለትም ወደ መቃሚያ ክፍሉ፣ ይገባል፤ እስከ ማታም አይታይም። «ሥራ የለኝም የሚል ሰው የጫት መግዣውን ከየት አመጣው?» ብሎ መጠየቅ ታዲያ ነውር የለውም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስሕተቱ ያለው ከመልሱ ላይ ነው።

ከመንግሥት አላመጣውም። በጅቡቲ የሥራ አጥነት መድን የሚባል ነገር የለም። የማኅበራዊ ዋስትና ተቋሙ ከሠራተኛውና ከአሠሪው በሚሰበስበው መዋጮ ጡረታን፣ ሕክምናን፣ የሥራ ላይ ጉዳትን ይሸፍናል፤ ሥራ ያጣን ሰው አይከፍልም። አኔፊፕ የተባለው የሥራ ስምሪት ድርጅት ሥራ ፈላጊን ይመዘግባል፣ ያሠለጥናል፣ ከቀጣሪ ያገናኛል፤ እርሱም አበል አይሰጥም። በእርግጥ ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ አንድ ፕሮግራም አለ። «ብሔራዊ የቤተሰብ መተባበር ፕሮግራም» ይባላል፤ በማኅበራዊ መዝገብ ላይ ድኽነቱ ለተረጋገጠ ቤተሰብ በየሦስት ወሩ 30,000 የጅቡቲ ፍራንክ ይሰጣል። በወር ሲሰላ 10,000 ፍራንክ፣ ማለትም 56 ዶላር ገደማ ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 35,000 ፍራንክ ነውና ድጎማው የእርሱን ሢሶ እንኳ አይሞላም። እሱም ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመላው ቤተሰብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትቀበለው እናቲቱ ናት፤ ልጆቹ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እንዲሄዱም ይጠበቃል።

እንግዲህ ሾፌሮቻችን የሚያሙት፣ በመንግሥት ገንዘብ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብሎ የሚቅመው ወንድ፣ በአበል ዝርዝር ውስጥ የለም። ሥራ አጥነቱ እውነት ነው፣ መቃሙም እውነት ነው፤ አበሉ ግን ወሬ ነው።

ማን ያበላዋል ታዲያ? ደመወዝ ያለው ዘመዱ ነው። በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነች እኅት፣ ወደቡ ላይ ቋሚ የሆነ አጎት፣ ከውጭ ጦር ሰፈሮች በአንዱ በጽዳት ወይም በጥበቃ የተቀጠረ ወንድም። በጅቡቲ አንድ ደመወዝ ስንት አፍ እንደሚይዝ ለማወቅ በደመወዝ ሰሞን ደመወዝተኛው ቤት ብቅ ማለት ይበቃል። ለሥራ አጥ ያለው ንቀትም የሚኖረው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ለጋዜጣ ወይም ለፓርላማ ክርክር አይወጣም። ምሳ ሲቀርብ ዝም የሚባለው ዝምታ፣ «አንተ ደግሞ እስከ መቼ» የሚለው የእናት ንግግር፣ ለጫት የተሰጠችው ሳንቲም ስትቆጠር የሚታየው ፊት። አውሮፓዊው ሥራ አጥ የሚፈራው የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ነው፤ የጅቡቲው የእኅቱን ፊት ነው። የትኛው እንደሚከብድ መናገር አልችልም። የደብዳቤው ይግባኝ አለው።

ቁጥሩን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2017 በተካሄደው የቤተሰብ ጥናት መሠረት በጅቡቲ ሥራ አጥነት 47 በመቶ ገደማ ነበር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሚጠቀምበት ጠባብ መለኪያ ሲታይ ግን ከሩብ ጥቂት ከፍ ይላል። ልዩነቱ የአቆጣጠር ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ግን ሰው አለበት። ጠባቡ መለኪያ ሥራ አጥ የሚለው ሥራ የሌለውንና በቅርቡም የፈለገውን ነው። ሲፈልግ ኖሮ የታከተው፣ «የለም» የሚለውን መልስ ለምዶ መዞሩን የተወው፣ ከሠራተኛው ኃይል ውጭ ተብሎ ከሰንጠረዡ ይወጣል። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ከዝርዝሩ የሚሰርዘውንና ጎረቤቱ ሰነፍ የሚለውን ሰው ብናጠና ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን።

ይህ ሰው እንዴት እንደበዛ ለማወቅ ወደቡን ማየት ግድ ነው። ከተማዋን ያቆማት የምድር ባቡሩ ነው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ያን ጊዜ መርከብ የሚራገፈው በሰው ትከሻ ነበር። ቡና፣ ቆዳ፣ ጨው፣ የጨርቅ ጥቅልል ሁሉ በጫኝና አውራጅ ጀርባ አለፈ። አርሂባ የተባለው ሰፈር የተሠራው ለወደቡ አፋር ወዛደሮች ነው፤ ሰፈር እስኪቆረቆርለት ድረስ ትከሻ ዋጋ ነበረው ማለት ነው። ከዚያ ኮንቴይነር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የኢትዮጵያ ጭነት በሙሉ ማለት ይቻላል ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ፤ ዛሬም ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ በዚያ ያልፋል። በ2009 የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ሥራ ጀመረ፣ በ2017 የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተመረቀ፣ በ2018 መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ባቡሩ መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ጭነቱ እጥፍ ድርብ ሆነ፤ የሚፈለገው ትከሻ ግን አልጨመረም። ክሬን ጫት አይቅምም፣ ዘመድም የለውም።

ለትከሻ የቀረው በአብዛኛው ጆንያ ነው። ማዳበሪያና ስንዴ የጫነ መርከብ ሲቆም የቀን ሠራተኛ ይጠራል፤ መርከቡ ሲሄድ እርሱም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዛሬ ሠራተኛ፣ ነገ ሥራ አጥ፣ ከነገ ወዲያ መርከቧ እንዳለች። በእንዲህ ያለ ኑሮ «ለምን ቋሚ ሥራ አትይዝም» የሚለው ምክር መርከቧን የማያውቅ ሰው ምክር ነው።

ፍራንኩም የራሱ ድርሻ አለው። የጅቡቲ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ በዶላር ላይ ተሰክቶ፣ ከ1973 ወዲህ ደግሞ በ177.7 ፍራንክ ረግቶ ይኖራል። ከብራችን ጋር ሲተያይ የጅቡቲ ደመወዝ ለእኛ ልጆች ያጓጓል፤ ለጅቡቲው ቀጣሪ ደግሞ የእኛ ልጆች ጉልበት ርካሽ ነው። ለግንባታው፣ ለቤት ሠራተኝነቱ፣ ለሆቴል ማዕድ ቤቱ ኢትዮጵያዊ ይፈለጋል። ከዚህ ሁለት አባባል ይወለዳል፦ «ሐበሻው ሥራችንን ወሰደብን» እና «የእኛ ወጣት እኮ ያንን ሥራ አይነካውም።» እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ግን ከአንድ አፍ ሊወጡ ይችላሉ። የመጀመሪያው መጤውን ሲያጥላላ፣ ሁለተኛው የራሱን ልጅ ያዋርዳል። ቀጣሪውን የሚያነሣ የለም።

ቪም ፋን ኦርስኾት የተባለ የማኅበራዊ ፖሊሲ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት ሕዝብ ለማን መደጎም እንዳለበት ሲፈርድ በልቡ የሚጠይቃቸውን አምስት ጥያቄዎች ለይቷል። ችግሩን በራሱ ላይ ያመጣው እርሱ ነው? ያመሰግናል ወይስ ይኩራራል? ቀደም ሲል ሰጥቷል፣ ወይስ ለወደፊቱ ይመልሳል? ከእኛ ወገን ነው? ችግሩ ምን ያህል የከፋ ነው? በኋላ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሲታይ ተራው አንድ ሆኖ ተገኘ፦ መጀመሪያ አረጋዊ፣ ከዚያ በሽተኛና አካል ጉዳተኛ፣ ከዚያ ሥራ አጥ፣ መጨረሻ ስደተኛ። ጅቡቲ ላይ ጫቱ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስለሚመልስ ወንዱ ሥራ አጥ ገና ሳይናገር ይወድቃል።

ጫቱን ለማስተባበል አልሞክርም። የቤትን ገንዘብ ይበላል፣ የቀኑን ግማሽ ይወስዳል፣ ከእንጀራ በፊት ጫት የሚገዛ አባት አለ። ነገር ግን የሚቅመው ሥራ አጡ ብቻ አይደለም፤ ዳይሬክተሩም፣ ነጋዴውም፣ ሾፌራችንም ይቅማል። ሥራ ያለው ሲቅም ድካሙን ሲያወጣ ነው ይባላል፤ የሌለው ሲቅም ስንፍና ይሆናል። መንግሥትም ከጫቱ ቀረጥ ይሰበስባል። በየመሸጫው ተቀምጠው የሚሸጡት ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ የአንዷ ባል የሚያባክነው ገንዘብ ለሌላዋ የልጆቿ እራት ነው።

አራተኛው ጥያቄ፣ «ከእኛ ወገን ነው?» የሚለው፣ በዚህች ከተማ ላይ በሽቦ ተጽፏል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1966 ከጄኔራል ደ ጎል ጉብኝትና ሁከት በኋላ ከተማዋን በሽቦ አጥር አጥረው መጤን ከልክለው ነበር። ከሽቦው ውጭ የቀሩት ከደረቀው ጋራ ላይ ሰፈሩ፤ ባልባላ የተባለው ግዙፍ ሰፈር እንዲህ ተወለደ። ነጻነት በ1977 መጣ፣ አጥሩም ኋላ ተነሣ፤ ባልባላ ግን እስካሁን የድኻው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ደግሞ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች እንዲወጡ ቀነ ገደብ አስቀመጠ። ምክንያቱ ወንጀል፣ ሥራ አጥነትና በማኅበራዊ አገልግሎት ላይ የሚደርስ ጫና ነበር። በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከተማዋን ለቀቁ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላም ሥራ አጡ ብዙ እንደነበረ ከላይ ያለው የ2017 ጥናት ይመሰክራል። ይህችው አገር ግን በ2017 ባወጣችው ሕግ ስደተኞች እንዲሠሩ፣ እንዲታከሙ፣ እንዲማሩ ፈቀደች። ሁለቱንም ሳይጠቅሱ ጅቡቲን ማማት ፍትሕ አይደለም።

እኛስ? ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሮ በከተማ ሲሠራ ኖሯል። በመጀመሪያው የከተማ ፕሮግራም ከታቀፉት 604,000 ሰዎች 84 በመቶ የሚሆኑት ገንዘቡን ያገኙት ሠርተው ነበር፤ ጎዳና ይጠርጉ፣ ቦይ ያጸዱ፣ ችግኝ ይተክሉ ነበር። 16 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው አቅም የላቸውም ተብለው በቀጥታ የተረዱት። በማለዳ መጥረጊያ ይዛ የምትታየውን እናት «ጥገኛ» የሚል አልሰማሁም። መጥረጊያው ከስድብ ያድናታል። በስብሰባ ላይ ግን «የጥገኝነት መንፈስ» የሚለው ሐረግ ለአሥርተ ዓመታት ሲነገር ኖሯል፤ በተለይ ስለ ወሎ ገበሬ። ፒተር ሊትል የተባለ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው የደቡብ ወሎ ጥናቱ ይህን ፈትሾ፣ እህሉ የሚመጣው እጅግ ጥቂትና በማይታወቅ ጊዜ ስለሆነ ገበሬው ሊመካበት ቢፈልግም እንደማይችል ጽፏል። መንፈሱ ያለው ከስብሰባው አዳራሽ ነበር።

ጅቡቲም እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ በዓለም ባንክ ድጋፍ በከተማዋ ድኻ ሰፈሮች ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናት ያሏቸውን እናቶች በአጭር ጊዜ የሕዝብ ሥራ አሳትፋ ነበር። ከቤት ውጭ ሠርተው የማያውቁ ብዙ ሴቶች ሥራው ሲቀርብላቸው መጡ። ሥራው ሲያልቅ ሌላ ሥራ ስላልነበረ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። «አይፈልጉም» የሚለው ክስ በዚህ ከተማ ከዚህ የተሻለ ፈተና የገጠመው አይመስለኝም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ጅቡቲ ራሷ የምትኖረው በተቀመጠችበት ቦታ ነው። ባብ ኤል ማንደብ አፍ ላይ ባትሆን ኖሮ አሜሪካ ለካምፕ ሌሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ2014 በታደሰው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር አትከፍልም ነበር፤ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ ከ2017 ጀምሮ ቻይናም ጦር አያሰፍሩም ነበር። ከእኛ የሚገኘው የወደብና የመተላለፊያ ገቢም የመልክዓ ምድር ኪራይ ነው። ይህን የሚያገኘውን መንግሥት ጠቢብ፣ አርቆ አሳቢ ይሉታል። ከዚያ ኪራይ በወር 10,000 ፍራንክ ስትደርሳት ግን የባልባላ እናት ተደጓሚ ትባላለች። ሁለቱም ሳይለፉ አግኝተዋል ብለን ከተነሣን ልዩነቱ መጠኑ ነው፤ ስሙ የሚከፋውም ትንሽ ለደረሳት ነው።

ኪራዩም ቢሆን ዋስትና የለውም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 መባቻ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈርም ጅቡቲ ደነገጠች፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ የታጁራ ወደብን ለኢትዮጵያ ለማቅረብ ዝግጁ መሆናቸውን ተናገሩ። ጭነቱ ወደ በርበራ ወይም ወደ ሌላ ቢዞር የመጀመሪያው ጉዳት የሚያርፈው በክሬኑ ላይ አይደለም። ወደቡ ላይ ቋሚ የሆነው አጎት ደመወዙ ሲቆም፣ በእርሱ ማዕድ ዙሪያ የነበሩት ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ማኅበራዊ መዝገቡ ሰልፍ ይመጣሉ፤ መዝገቡ ደግሞ የተሠራው ለድኻ ቤተሰብ እንጂ ትናንት ደመወዝተኛ ለነበረ ወንድ አይደለም።