በ1971 በሜክሲኮ ስለ ተደረገው የሴቶች እግር ኳስ ሻምፒዮና

የሴቶች እግር ኳስ ነገር በተነሣ ቁጥር «ተመልካች የለውም» ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል ምን ያህል እውነትነት እንዳለው ለመመርመር ከነሐሴ 9 እስከ ነሐሴ 30 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971፣ በሜክሲኮ አገር የተደረገውን ውድድር መመልከት ይበቃል ብለን እናምናለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የተካፈሉት አገሮች ሜክሲኮ፣ አርጀንቲና፣ እንግሊዝ፣ ዴንማርክ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ነበሩ። የዋንጫው ጨዋታ በዋናው ከተማ በአዝቴካ ስታዲየም ሲደረግ 110,000 ያህል ሕዝብ ተገኝቷል። ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ሜዳ ብራዚል ኢጣልያን 4 ለ 1 አሸንፋ የወንዶቹን የዓለም ዋንጫ ስትወስድ የነበረው ተመልካች ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። ዴንማርክ ሜክሲኮን 3 ለ 0 አሸነፈች፤ ሦስቱንም ግብ ያገባችው ሱሳን አውጉስተሰን የተባለች የ15 ዓመት ልጅ ናት። አዘጋጆቹ ጨዋታው የሴቶች ነውና ብለው የግቡን ቋሚዎች ሮዝና ነጭ ቀለም አስቀብተው ነበር። ኳስ ግን የቋሚ ቀለም አይታ አትገባም።

ውድድሩን ያዘጋጀው በአውሮፓ የተቋቋመ ነጻ የሴቶች እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲሆን፣ በገንዘብ የደገፈው ማርቲኒና ሮሲ የተባለው የኢጣልያ መጠጥ ኩባንያ ነው። ይኸው ፌዴሬሽን በ1970 በኢጣልያ አገር የመጀመሪያውን ሻምፒዮና አድርጎ፣ በዚያም ያሸነፈችው ዴንማርክ ነበረች። ፊፋ ግን ለሁለቱም ዕውቅና አልሰጠም።

የነገሩ ሥር ከሜክሲኮ ይርቃል። በእንግሊዝ አገር በ1920 በገና ማግሥት፣ የዲክ ከር ፋብሪካ ሴቶች ቡድን በሊቨርፑል ከተማ በጉዲሰን ፓርክ ሲጫወት 53,000 ሕዝብ ገብቶ ነበር። በተከታዩ ዓመት በዲሴምበር ወር የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ፣ ክለቦች ሜዳቸውን እንዳይሰጧቸው ወሰነ፤ ውሳኔውም 50 ዓመት ያህል ጸና። የምዕራብ ጀርመን ፌዴሬሽንም ከ1955 እስከ 1970 ከልክሎ ነበር። እንግዲህ በእንግሊዝ ክልከላው የመጣው ሜዳው ባዶ ሆኖ ሳይሆን ሞልቶ ከታየ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ለእንግሊዝ የተሰለፉት ልጆች ከሜክሲኮ ሲመለሱ አሠልጣኛቸው ሃሪ ባት ታገደ፤ እነርሱም ለወራት እንዳይጫወቱ ተደረገ። የሚያስገርመው፣ ቅጣቱን የሰጠው በ1969 የተቋቋመው የራሳቸው የሴቶቹ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በዚያን ጊዜ በወንዶቹ ማኅበር ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት ይጥር ነበር።

የሜክሲኮ ተጫዋቾች ደግሞ ከዋንጫው ጨዋታ በፊት 2 ሚሊዮን ፔሶ ካልተከፈለን አንጫወትም ብለው ነበር። ጋዜጦች ወቀሷቸው፤ በመጨረሻም ጥያቄያቸውን ትተው ያለ ክፍያ ሜዳ ገቡ። ትኬቱም፣ ማስታወሻ ዕቃውም የተሸጠው በእነርሱ ጨዋታ ነውና ጥያቄያቸው አላግባብ ነበር ለማለት እኛ አንደፍርም።

ፊፋ የመጀመሪያ ብሎ የሚቆጥረውን የሴቶች የዓለም ዋንጫ በቻይና ያደረገው በ1991 ነው። በዚያም አንዱ ጨዋታ የሚፈጀው 90 ሳይሆን 80 ደቂቃ ነበር። በ2022 ባርሴሎና በካምፕ ኑ ከቮልፍስቡርግ ጋር ሲጫወት 91,648 ሰው ገብቶ፣ የሴቶች እግር ኳስ የዓለም ሪኮርድ ተብሎ ተጻፈ። 110,000 ከዚህ እንደሚበልጥ ለማወቅ የሒሳብ ተማሪ መሆን አያሻም፤ የአዝቴካው ቍጥር የተዘለለው ውድድሩ ዕውቅና ስላልነበረው ነው።

ሆኖም ሁሉም አልረሳውም። በዚያ ሻምፒዮና አርጀንቲና እንግሊዝን 4 ለ 1 ስታሸንፍ አራቱንም ግብ ያገባችው ኤልባ ሴልቫ ናት፤ ጨዋታው የተደረገበት ኦገስት 21 ዛሬ በአርጀንቲና የሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ቀን ሆኖ ይታሰባል።