ትርፉ የሚጀምረው ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ነው

ጠጋ በሉ፤ ይሄ በመሃላችን ይቅር። እንጀራዬ ለቴክኖሎጂ ነጋዴዎችም ለገዢዎችም ምክር መስጠት ስለሆነ፣ አዲስ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን በወጣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ወሬ እሰማለሁ። አንደኛው መድረክ ላይ የሚወራው ነው፤ ካሜራው፣ ፍጥነቱ፣ ቀለሙ። ሁለተኛው በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚነሳው ነው፤ «ሰውየው ገዝቶ ከሄደ በኋላ በየወሩ ምን እናገኝበታለን?» የዘርፉን ዜና ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ይዛችሁ ብታነቡት ግራ ያጋባችሁ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከአፕል እንጀምር። በ2024 የበጀት ዓመት ኩባንያው ዕቃ ሸጦ ካገኘው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የዕቃው ወጪ ተቀንሶ የቀረለት 37 ያህል ነው። እንደ አፕ ስቶር፣ አይክላውድና ሙዚቃ ካሉት አገልግሎቶች ግን ከ100ው 74 ያህሉ ቀርቶለታል። የአገልግሎት ገቢው በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 96 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በነጻ የሚሰጠው የአይክላውድ ቦታ በ2011 ሲጀመር 5 ጊጋባይት ነበር፤ ዛሬም 5 ጊጋባይት ነው። በመሃሉ የስልኩ ፎቶና ቪዲዮ ምን ያህል እንደከበደ ታውቃላችሁ። ተረስቶ የቀረ እንዳይመስላችሁ። «ማከማቻዎ ሞልቷል» የምትለዋን መልእክት የሚያህል ሻጭ የትም የለም።

ከዚሁ የአፕል የአገልግሎት ገቢ ውስጥ ከጉግል የሚመጣም አለ። በሳፋሪ አንድ ነገር ስትፈልጉ ጉግል ቀድሞ እንዲቀርብ ጉግል በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ይህ የታወቀው በዋሽንግተን በተካሄደ የፍርድ ቤት ክርክር በቀረቡ ሰነዶች ነው፤ አዲስ ስልክ በሚመረቅበት መድረክ ላይማ ማን ሊነግራችሁ! ዳኛ አሚት ሜህታ በ2024 ጉግል በፍለጋ ገበያው ሕገወጥ ሞኖፖል ይዟል ብለው ፈረዱ። በ2025 ደግሞ ሌላውን የሚያገልሉትን ውሎች ከለከሉ፤ ክፍያው ግን እንዲቀጥል ፈቀዱ። በአደባባይ ባላንጣ የሚመስሉት ሁለቱ በጓዳ እጅና ጓንት ናቸው። ሳምሰንግም ለአይፎን ስክሪን ሠርተው ከሚያቀርቡት አንዱ ነው። በ2020 አፕል ቻርጀሩን ከሳጥኑ ሲያወጣ ሳምሰንግ አላገጠበት፤ በ2021 መጀመሪያ ጋላክሲ ኤስ21 ሲመጣ ግን የእሱም ሳጥን ቻርጀር አልነበረውም። ኩባንያዎች ሲበሻሸቁ ስታዩ ብዙ አትሳቁ።

የቴሌቪዥን ዋጋ ለምን እንደሚረክስ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የስክሪኑ መሥሪያ መርከሱ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት እናንተ ስታዩት እሱም እናንተን ማየቱ ነው። ብዙዎቹ ስማርት ቴሌቪዥኖች ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል እየቆነጠሩ ምን እያያችሁ እንደሆነ ይለያሉ። ቪዚዮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን መረጃ ከ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ ባለቤቶቹን ሳያስፈቅድ ሰብስቧል ተብሎ ተከሶ በ2017 ጉዳዩን በ2.2 ሚሊዮን ዶላር ጨረሰ። ታዲያ ንግዱን ተወው? ኧረ ምን ሲደረግ! በ2021 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ከማስታወቂያና ከዳታ ክፍሉ ያገኘው ጠቅላላ ትርፍ፣ ቴሌቪዥን ሸጦ ካገኘው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። በ2024 መጨረሻ ዎልማርት ኩባንያውን በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው፤ ያጓጓውም የማስታወቂያ ሥራው ነው። ዛሬ ማታ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ሳምሰንግ ከሆነ «ቪውዪንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ»፣ ኤልጂ ከሆነ «ላይቭ ፕላስ» የሚለውን አጥፉት። ምስሉ ምንም አይሆንም።

መድረክ ላይ የሚነገረው ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፤ ጠበቆች ያዩት ስለሆነ ውሸት ብዙም አይገኝበትም። ዘዴው ያለው በአነጋገሩ ነው። «እስከ ሁለት እጥፍ ይፈጥናል» ሲባል «እስከ» የምትለዋን ስሙ። ከምን ጋር እንደተወዳደረም ጠይቁ፤ በ2024 ኤም4 ማክቡክ ፕሮ ሲወጣ አፕል ያወዳደረው በ2020 ከወጣው ኤም1 ጋር ነበር። ዋጋውም እንደ ደረጃ የተሠራ ነው። አይፎን 16 ባለ 128 ጊጋባይቱ 799፣ ባለ 256ቱ 899 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ዋጋ ወደ ሱቁ ይጠራችኋል፤ ይዛችሁ የምትወጡት ግን ሁለተኛውን ነው።

አሁን በየስብሰባው ሳይነሳ የማይታለፈው ኤአይ ነው። ከአፕል የወጡ ሰዎች ያቋቋሙት ሂዩሜን በ2024 ደረት ላይ የሚሰካ መሣሪያ በ699 ዶላር አወጣ፤ በዚያ ላይ በወር 24 ዶላር ያስከፍላል። በ2025 መጀመሪያ አብዛኛውን ንብረቱን ለኤችፒ በ116 ሚሊዮን ዶላር ሸጠና ሰርቨሩን ዘጋ። የገዢዎቹ መሣሪያ ጥሪም መልእክትም የማይሠራበት ጌጥ ሆኖ ቀረ። ትልቁ አፕል እንኳ በ2024 አዲሷን ሲሪ በቴሌቪዥን ካስተዋወቀ በኋላ በ2025 «ገና ነው» ብሎ ማስታወቂያውን አነሳ። ነገ ይመጣል ለተባለ ነገር ዛሬ አትክፈሉ። በተለይ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ነገር ጠይቀን እንግዛ፤ የአፕል ኤአይ የሆነው አፕል ኢንተለጀንስ እስከ 2025 መጨረሻ ይደግፋቸው ከነበሩት ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ አልነበረም። ለኤአይ ብላችሁ ከጨመራችሁት ገንዘብ የእናታችሁን የአማርኛ መልእክት የሚያሳጥር አገልግሎት አይወጣም። ቻት ጂፒቲና ጀሚናይ ግን ሥራቸው የሚሠራው ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ተራ ስልክ ላይም አማርኛውን ይሞክሩታል።

ርካሹ ስልክም ከዚህ ጨዋታ ውጭ አይደለም። ቴክኖ፣ ኢቴልና ኢንፊኒክስ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው የሚፎካከሩ ይመስላሉ እንጂ ሦስቱም የቻይናው ትራንሽን ልጆች ናቸው። ኩባንያው ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም የጀመረው በ2011 ነው። ሁለት ሲም የሚይዝና ባትሪው የሚቆይ ስልክ ይዞ መምጣቱ ብልህነቱን ያሳያል፤ አፍሪካዊው ገዢ የሚፈልገውን ሰምቷል። ነገር ግን ስልኩን ስትከፍቱ ሳትጭኗቸው የሚጠብቋችሁ እንደ ቡምፕሌይ ያሉ አፖች በቸርነት አልመጡም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ሳትጠይቁ «አላው» አትበሉ።

ሰሞኑን በውስጥ በጣም የሚያስጨንቀው ወሬ ስለ ሜሞሪ ነው። የኤአይ ዳታ ማዕከሎች ቺፑን እየተሻሙት ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ ተሰቅሏል። ሜሞሪ አምራቹ ማይክሮንም ለተራ ገዢ የሚሸጥበትን «ክሩሻል» የተባለ ምርቱን እንደሚያቆም በዚያው ጊዜ አስታውቋል። ዋጋው ባይጨምር እንኳ ራሙ የቀነሰ ስልክ በአዲስ ስም ሊመጣ ይችላልና ከስሙ በፊት ቁጥሩን እዩ።

እኔ ዘመድ ሲጠይቀኝ የምመክረው ያለፈውን ዓመት ምርጥ ስልክ ነው። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለዋና ስልኮቻቸው 7 ዓመት አፕዴት ቃል ስለገቡ፣ አንድ ዓመት ያለፈው ስልክ ገና ብዙ ዕድሜ አለው። ከውጭ ለሀገር ቤት ለምትልኩ ደግሞ ሻጩ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ አይፎን ከ14 ጀምሮ የሲም ካርድ ቀዳዳ የለውም፤ ከአይፎን 17 ጀምሮ የሳውዲ፣ የኤምሬትስ፣ የኳታር፣ የኩዌት፣ የኦማንና የባህሬኑም እንዲሁ ሆኗል፤ የሚሠራው ካርድ በማያስፈልገው ኢሲም ብቻ ነው። ያገለገለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ከአይክላውዱ መውጣቱን፣ የኔትወርክ ሎኩም መነሳቱን ሻጩ ፊት አረጋግጡ። ተቀባዩ ሲሙን ወደ ኢሲም ማስቀየር እንደሚችልም አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ስልኩ ሻንጣ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚመጣ ምክር ለማንም አይጠቅምም።